ቀለሙ የሸፈነው መስመር

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ማክሰኞ ነው። ስለዚያ ቀን በቅደም ተከተል መጻፍ እፈልጋለሁ። ካልሆነ ቶሎ ወደ ንዴቴ እሄዳለሁ።

ጠዋት ጉም ነበር። መንዝ ውስጥ በሁዳዴ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ይመጣና ሜዳው ላይ ይተኛል፤ አንዳንድ ቀን እስከ አራት ሰዓት ድረስ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው አይታይም። የምንሠራበት ቦታ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሱፍ ፈትለው ምንጣፍ ለሚሠሩ ሴቶች ማኅበር የብረት አዳራሽ እናቆም ነበር። ወንድሜ በያጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በይዷል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። ሥራውን ያስገኘልኝ እሱ ነው። «እንግሊዝኛ ያነባል» ብሎ።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ያስፈለገው ብረቱ አዲስ ዓይነት ስለነበር ነው። ከዚህ በፊት አዳራሽ ሲቆም ብረቱ እንዳለ ይመጣል፣ እዚሁ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይበየዳል። ወር ይፈጃል፤ ዝናብ ከገባ ሁለት ወር። ይኼኛው ግን አዲስ አበባ አጠገብ ካለ ፋብሪካ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቁረጫ ተቆርጦ፣ ቁጥር ተቀርጾበት የመጣ ነው። ብየዳ የለውም። በአግዳሚው ብረት ጫፍና ጫፍ መንጠቆ የሚመስሉ ምላሶች አሉ፤ ቋሚው ላይ ደግሞ ለምላሶቹ የተቀደደ አፍ አለ። ምላሱ በአፉ ይገባል፤ ከዚያ አራት ጣት ያህል ወደ ታች ይወርድና ከኋላ ይነክሳል። ተመልሶ እንዳይነሣ ከላዩ ሽብልቅ ይመታበታል። አለቀ። ሁለት ሰው በሩብ ሰዓት አንድ አግዳሚ ይሰቅላል። ፋብሪካው አዳራሹ በዘጠኝ ቀን ይቆማል ብሎ ነበር። ማክሰኞ አምስተኛ ቀናችን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ምላሱ ላይ ማሽኑ የቀረጸው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ምላሱ እስከ መጨረሻው ሲወርድ መስመሩ አፉ ውስጥ ይሰወራል። መስመሩ ከታየ ምላሱ አልገባም ማለት ነው፤ ሰው አይወጣበትም። ይኼን ለሠራተኛው ሁሉ አንብቤ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ፋብሪካው የላከው መመሪያ ስልኬ ውስጥ ነበር።

ሰዎች ወንድሜ አዲሱን ሥራ የሚጠላው ይመስላቸው ነበር። በያጅን ከእንጀራው የሚያፈናቅል ነገር ነዋ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ፣ አዳራሹን ለማየት በመጣች ቁጥር ትነካካዋለች።

«አንተ፣ መበየጃህ ዝጎ ሊያልቅ ነው። በር ቆላፊ ሆነህ ቀረህ በቃ?»

«እትዬ፣ ዓይኔ እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲያይሽ ደስ አይልሽም?» ይላታል።

«ውሸታም! እኔን አይተህ ምን ልታገኝ!»

ለእሱ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሲበይድ በዋለ ቀን ሁሉ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ያቃጥለው ነበር። እናታችን ድንች ቆርጣ ዓይኑ ላይ ትደረድርለታለች፤ እሱ በጀርባው ተኝቶ፣ ሁለት ቁራጭ ድንች ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ የቀኑን ወሬ ያወራል። አዲሱ ብረት ከመጣ ወዲህ ድንች አልተቆረጠም። ምላሱ ወርዶ ሲነክስ የሚያሰማውን ድምፅ ይወድ ነበር። ዷ ይላል። «ሰማኸው? ነከሰ» ይለኛል፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል።

ፎርማኑ ከራቤል በኩል የመጣ የግሼ ሰው ነው። ሲያገባ ወንድሜ ሚዜው ነበር። እኔም ጋሼ እለው ነበር። ይኼን የምጽፈው ወንድሜ እንዴት አድርጎ እንደሚያምነው እንድታውቁ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መሬት ላይ በተደረደረው ብረት ላይ የዝገት ቡራቡሬ ታየ። ጉሙ በአንድ አዳር ያመጣው ነው። ፎርማኑ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። ሐሙስ ለአዳራሹ ገንዘብ የሰጡት እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ። ሁለት ቆርቆሮ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም አመጣና መሐላችን አስቀመጠ።

«ሁሉንም ቅቡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ።»

እኛ አገር ብረት የሚሠራ ሰው ይኼን ሲሰማ አይገርመውም። የተበየደ ብረት ሁሉ ይቀባል። ሳይቀባ ያደረ ብረት የሰነፍ ሥራ ነው። ሲመሽ የመጨረሻው ሥራ መቀባት ነው፤ ልጅ እያለሁ ጀምሮ የማውቀው ይኼንኑ ነው። ስለዚህ ሁሉም ብሩሽ አነሣ። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

«ጋሼ፣ መመሪያው ምላሱን ቀለም እንዳይነካው ይላል። ይወፍርና አይወርድም ይላል። መስመሩም ይሸፈናል።»

«ማነው የሚለው?»

«ፋብሪካው።»

«ፋብሪካው እዚህ አድሮ ያውቃል? የመንዝን ጉም ቀምሶታል?» ሠራተኞቹ ሳቁ። «እንግዶቹ መጥተው የዛገ ብረት ይዩ? ቅባ ስልህ ቅባ።»

ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ። አንተ ጭንቅላት አለህ። ይኼ ሥራ ሲያልቅ ፋብሪካው ሁለት ልጆች ይወስዳል። ማሽኑን በኮምፒውተር የሚያዙ። ስም የማስተላልፈው እኔ ነኝ። አታስቸግረኝ።»

ብሩሹን ተቀበልኩት። እኔ ያንን ማሽን በስልክ ቪዲዮ ብቻ ነበር ያየሁት። ብረቱን እንደ ወረቀት ሲቆርጠው፣ አንድም ሰው ሳይነካው። አጠገቡ ነጭ ጋዋን ለብሼ ቆሜ ራሴን አየዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ ሌላ ምንም ነገር አልታየኝም ነበር።

ቀባሁ። የሰባት ቁጥር አግዳሚን ምላሶች ሁሉ እኔ ነኝ የቀባኋቸው። ደህና አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ።

ወንድሜ በዚያን ሰዓት አልነበረም። ፓራንኮው፣ ብረት የምናነሣበት የሰንሰለት ማንሻ፣ ተበላሽቶ መሐል ሜዳ ሊያሠራው ሄዶ ነበር። በስምንት ሰዓት ተመለሰ። ሰንሰለቱን ከትከሻው ሳያወርድ ቀዩን ምላስ ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ ነካው። ቀለሙ አልደረቀም፤ በዚያ ብርድ አይደርቅም።

«ምላሱም ይቀባል እንዴ?» አለኝ። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

ፎርማኑ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቀለም በእንጨት ያማስል ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ማማሰሉን ግን አላቆመም።

«ምንም አይልም» አልኩ።

ሁለት ቃል ናቸው።

ወንድሜ «እንግዲያው ጥሩ» አለ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው፤ እኔን ለማስተማር። ያልኩትን ሌላ ሰው አልጠየቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾም ፈታን። ባገር ገብስ የተሠራ በሶ ይዘን ነበር፤ ካንድ ሳህን በላን። ወደ ቤት ስንሄድ ለፋሲካ ስለሚታረደው በግ ተከራከርን። እሱ ጥቁሩ ይሻላል ይላል፣ እኔ ነጩ። መንገድ ላይ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነፋሱ ፊታችንን ይገርፈናል፤ ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል መሰለኝ። ማክሰኞ እንዲህ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ስምንት ቁጥርን ሌሎች ሰቀሉ፤ ከዚያ ሰባት ቁጥር አግዳሚ ተነሣ። ወንድሜ ላይ ነበር፣ እኔ ታች ሰንሰለቱን ይዣለሁ። ምላሱ ወደ አፉ ሲገባ ተንቀራፈፈ። ወንድሜ በመዶሻ መታው። ወረደ መሰለ። ዷ አላለም።

«አልጮኸም!» አለ ከላይ።

«ቀለሙ ነው ድምፁን የዋጠው» አለ ፎርማኑ። «ይርጠብ እንጂ ገብቷል።»

«ቲነር ስጡኝ፣ ጠርጌ ልየው።»

«ቲነር የለም። ሽብልቁን ምታና ውረድ! ሐሙስ ነገ ነው!»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ እኔን አየኝ። «መስመሩ የት ነው ያለው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። «ወንድም ጋሼ…» አልኩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ቃል አልወጣም። እሱ ጥቂት ጠበቀኝ፤ ከዚያ ሽብልቁን መታው፤ ሦስት ጊዜ። ሰንሰለቱን እንዳላላ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አላላሁ። መንጠቆውን ለመፍታት በአግዳሚው ላይ እየተሳበ ሄደ። ጮኼ ነበር እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። አልጮኽኩም።

ምላሱ ተንሸራቶ ወጣ። አግዳሚው ከእሱ ጋር ወረደ።

መኪና ሲፈለግ ነው የሞተው። ጭንቅላቱን ይዤው ነበር። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የምጽፈው ፎርማኑ መጀመሪያ ያለውን ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሲሰበሰብ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ «ቀበቶውን አላሰረም! ስንት ጊዜ ነገርኩት፣ ቀበቶ እሰር እያልኩ!» አለ። ቀበቶው፣ ከፍታ ላይ የሚሠራን ሰው ከብረት ጋር የሚያስረው፣ ታስሮ ነበር። የታሰረው ከራሱ ከአግዳሚው ጋር ነው። ወንድሜን ለማንሣት ነው ብሎ ጎንበስ ሲል በእጁ የፈታው ፎርማኑ ነው። አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው አይቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም የወንድሜን ፊት ነበር የሚያየው።

ፖሊስ መጣ። የተነገረውን ጻፈ። ቦታውን በደንብ ለማየት ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ከዚያ በፊት ማንም ምንም እንዳይነካ አለ።

ወንድሜን በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ቀበርነው። ወንድሜ ይሙት እያልኩ ስምል ነው ያደግኩት፤ ለኳስ፣ ለብይ፣ ለማይረባ ነገር። ቀባሪው አፈሩን ሲመልስ ያ መሐላዬ ትዝ አለኝ። ፎርማኑ ቀብር ላይ አልነበረም። ሰዎች ይኼን አዩ፤ ደም ያለበት ሰው ነው ቀብር የማይመጣው። ቀበቶ አላሰረም ያለው ሰው ለምን ይሸሻል? አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ይኼንን በጆሮዬ ነገረኝ። ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ እኔ ጎን ካለው ምሰሶ አስደገፈው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ከቤታችን የቀረሁት ወንድ እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። የጠመንጃው ብረት ክርኔን ሲነካኝ ሙቀት ተሰማኝ። ፎርማኑን የት እንደማገኘው፣ የቱ ጋ እንደምመታው አሰብኩ። ሆዱን። ቶሎ እንዳይሞት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ አንደኛው የወንድሜ ንስሐ አባት ናቸው። ከኋላቸው ፎርማኑ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ጫማውን አውልቋል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ጥፋት ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ የሟች ወገን ድንጋዩን ካወረደለት ደሙ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ እስከ አርባ ይቆያል። እነሱ ግን ጠመንጃውን ሰምተዋል መሰለኝ በዚያው ቀን መጡ። ለቅሶው ቆመ። እናቴ ቀና አለች።

«ልጄ» አሉኝ ንስሐ አባቱ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ይኼ ሰው ወንድምህን አልገደለም። ቀኑ ነው። ግን በእሱ ሥራ ላይ ስለሆነ ይኸው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። አንድ ነፍስ ሄዳለች፣ ሁለተኛ አትጨምሩ።»

«አባቴ፣ ቀበቶ አላሰረም ብሏል። አላሰረም ካለ ለምን ድንጋይ ተሸከመ?»

«እንደ ወንድም ነው የመጣው። ወንድምህ ሚዜው ነበር።»

«ታዲያ ከአፉ ልስማው። ምላሱን ያስቀባው ማነው?»

ፎርማኑ ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበርክኮ ወደ እግሬ ተጠጋ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አፉ ጆሮዬ አጠገብ ሲደርስ ያለውን ሌላ ሰው አልሰማም።

«ለወንድምህ ምን እንዳልከው ሰምቻለሁ። እናትህ ትስማ?»

እንዲህ አለኝ። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ።

እጄ ወደ ጠመንጃው አልሄደም። ለምን እንደሆነ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ ብገድለው ያቺን ቃል ይዞ ይሄዳል፣ እኔም ይዣት እኖራለሁ፣ ወንድሜም ቀበቶ ያላሰረ ሰው ሆኖ ይቀራል። ዝም ብዬ ይቅር ካልኩት ደግሞ ሌሊቱን ብረቱን ጠራርጎ ያስተካክለዋል። ፖሊሱ መጥቶ ንጹሕ አዳራሽ ያያል።

«ነገ ሁለት ሰዓት ብረቱ ሥር ይዞት ይምጣ» አልኩ። «ያነሣሁለትም እንደሆነ እዚያ ነው።»

«ልጄ፣ የሽማግሌ ድንጋይ አያድርም።»

«ወንድሜ አፈር ውስጥ ሊያድር ነው፣ አባቴ። ድንጋዩም ይደር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አጎቴ በጣም ተናደደ፤ እነሱ እንደወጡ «ምን እያደረግክ ነው? ሰው እጅህ ላይ መጥቶልህ!» አለኝ።

«ጠመንጃህን ያዝ፣ አጎቴ። ለእሱ ጥይት ያጥርበታል።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብዬ ነበር። እኔ ግን ገና ከመንጋቱ ሄድኩ። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ጉሙ ትናንት እንደነበረው ነው። የሥራ ቦታው ዘበኛ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሄዷል። ወደ ብረቱ ስጠጋ ከላይ የሆነ ነገር ሲፋቅ ሰማሁ።

ፎርማኑ ሰባት ቁጥር ከወደቀበት ቀጥሎ ያለው ስምንት ቁጥር አግዳሚ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጦ ነበር። በአንድ እጁ የሽቦ ብሩሽ፣ በሌላው ጣሳ ይዟል። ሽታው ታች ድረስ ደረሰኝ። ቲነር ነው። ወንድሜ ሲጠይቀው የለም ያለው ቲነር።

ቋሚው ላይ የተደገፈውን መሰላል በቀስታ ወደ ራሴ ሳብኩት። መሬት ላይ አጋደምኩትና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«መሰላሉን መልስ» አለ።

«የተቀጣጠርነው ሁለት ሰዓት ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ልወድቅ እችላለሁ!»

«ለምን ትወድቃለህ? ቀበቶ እሰር።»

በአግዳሚው ላይ ወደ ቋሚው ሊሳብ ሞከረ። ብረቱ ጠጥ አለ። ደንግጦ ባለበት ቀረ። ጣሳው ከእጁ አምልጦ ታች ወድቆ ተደፋ።

«ይኼ አልገባም» አለ። ድምፁ ተለወጠ።

«ምኑ?»

«ምላሱ! ምላሱ አልገባም እያልኩህ!»

«ገብቷል፣ ጋሼ። ቀለሙ ነው ድምፁን የዋጠው።»

ለመነኝ። ሰደበኝ። የአባቴን ስም ጠርቶ ለመነኝ። ገንዘብ እሰጥሃለሁ አለ፣ ፋብሪካ አስገባሃለሁ አለ። ፋብሪካውን ሲያነሣ ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሁለታችንም ጠበቅን። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ብዙ ይቀራል። ጉሙ ሲያልፍ ይታየኛል፣ ሲመጣ ይሰወራል። ብረቱን በሁለት ክንዱ አቅፎ ደረቱን አጣብቆበት ነበር። ይበርደዋል። ይኼን ስጽፍ አሁንም አላዘንኩለትም። እንዲያውም ከዚያች ጠዋት የማስታውሰው ደስታ ያ ብቻ ነው፤ እሱ መንቀሳቀስ ሲፈራ።

እንግዶቹ የሰው ሞት ተነግሯቸው ቀርተዋል። መጀመሪያ ሠራተኞቹ መጡ። መሰላሉን ሊያነሡ ሲሉ አጎቴ ደረሰ፤ አንድ ብረት ላይ ቁጭ ብሎ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ፣ መሰላሉን ማንም አልነካውም። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ለአንድ ጎረምሳ አስይዘው መጡ። ከማኅበሩ ሴቶች ጥቂቱ፣ ያቺ ወንድሜን የምትነካካውም። እናቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ መጣች። መጨረሻ ላይ ፖሊሱ።

«ምንድነው ይኼ?» አለ ፖሊሱ። «አውርዱት እንጂ!»

«እሱ መናገር ከጀመረ ይወርዳል» አልኩ።

ፎርማኑ ሕዝቡን ሲያይ ነፍስ ዘራ። ቀድሞኝ ጮኸ። «እሱን ጠይቁት! የቀባው እሱ ነው! ወንድሙ ወረቀቱ ምን ይላል ብሎ ጠይቆት ምንም አይልም ያለው እሱ ነው! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ያየሁት እናቴን ብቻ ነው።

«እውነቱን ነው» አልኩ።

እናቴ ጠጋ አለች። «ምን አልከው?» አለች። ያልሰማች መስላኝ ነበር። ሰምታለች፤ ደግሜ እንድለው ነው የፈለገችው።

«ምንም አይልም አልኩት፣ እማዬ። ይል ነበር።»

አልመታችኝም። አላለቀሰችም። እንዳለች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲሉ እጃቸውን ገፋች።

እንግዲህ ፎርማኑ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረም። ስልኬን አወጣሁ። የመመሪያውን ያንን ገጽ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ምላሱን ቀለም አይንካው። የተቀባ ከሆነ ተጠርጎ እስኪነጻ አይሰቀል። መስመሩ አፉ ውስጥ መሰወሩ ካልተረጋገጠ፣ ሰው አይውጣበት። እስከ ታች አነበብኩት።

«ይኼን ማክሰኞ ጠዋት ነግሬህ ነበር?» አልኩት ቀና ብዬ።

ብረቱን አጥብቆ አቀፈ።

«ጋሼ፣ ብረቱ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።»

«ነግረኸኛል!»

«ቅባ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ትናንት ወንድሜ ቲነር ሲጠይቅ ነበረህ?»

«ነበረኝ። አውርዱኝ፤ በእመቤታችን፣ አውርዱኝ!»

«ቀበቶውስ?»

ፊቱን ከብረቱ ላይ አላነሣም። «ታስሮ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ የፈታሁት።»

ያቺ የማኅበሩ ሴትዮ ያን ጊዜ «ዋይ!» ብላ ደረቷን መታች።

መሰላሉን አነሣሁ። ቋሚው ላይ አስደገፍኩት፤ እግሩን ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈቀድኩም፣ ራሴ ያዝኩት። በሆዱ እየተሳበ መጥቶ ወረደ። እግሩ ፊቴ አጠገብ አለፈ። ልገፋው እችል ነበር፤ ትንሽ ነገር ነበር የሚበቃው። አልገፋሁትም። ይቅር ብዬው አይደለም። እንዲኖር ስለፈለግሁ ነው። ረጅም ዕድሜ ተመኘሁለት፤ በሄደበት ሁሉ ሰው «ይኼ እኮ ያ ነው» እንዲለው፣ ልጆቹም እንዲሰሙት።

ንስሐ አባቱ ወደ ድንጋዩ ጠቆሙኝ። «እንግዲህ ተናገረ፣ ልጄ።»

«ተናገረ፣ አባቴ። አላነሣም።»

አልተቆጡኝም። ድንጋዩ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ፖሊሱ ደብተሩን ከፈተ። ትናንት የጻፈውን ገጽ በአንድ መስመር ሰረዘና አዲስ ገጽ ገለበጠ። እስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ ብሎት አፉ አጠገብ አድርጎ ተነፈሰበት።

«ጥፋቱን በማን ስም ልጻፈው?» አለኝ።

«በሁለታችንም» አልኩት። «የሱን ግን ከላይ አድርግልኝ።»